ዘህራና እኔ የቆሻሻ ኮሚቴ የሆንን ጊዜ

እኛ አሰብ በነበርንበት ዘመን፣ ልጆቼ፣ ነፋስ እንኳ ወገን ነበረው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ግማሹን ዓመት ከደቡብ ይነፍሳል፣ ግማሹን ዓመት ዞሮ ከሰሜን ይነፍሳል፣ እና የኔ ምግብ ቤት ከመንገዱ በደቡብ በኩል ነው፣ ዘህራ ዓሣ የምትሸጥበት ዳስ ደግሞ ፊት ለፊቴ በሰሜን በኩል። ታዲያ ከደቡብ ሲነፍስ የኔ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የኔ ፌስታል፣ የኔ የቲማቲም ጣሳ እየተንከባለለ እሷ ደጅ ይደርሳል፣ ያኔ እሷ ትሰድበኛለች። ከሰሜን ሲነፍስ የሷ የዓሣ ቅርፊት እየበረረ ይመጣና ደንበኞቼ ፓስታ ላይ ያርፋል፣ ያኔ ተራው የኔ ነው። እንዲህ ዓመቱን ተካፍለን ነበር የምንኖረው። ስድባችን እንደ እርሻ ወቅት ነበረው ማለት ነው።

ጊዜው ድንበሩ ገና ክፍት የነበረበት ነው፤ ኤርትራ ራሷን ከቻለች በኋላ፣ ጦርነቱ ሳይመጣ። የኢትዮጵያ ዕቃ ገና በአሰብ ወደብ ይገባ ነበር። መኪናው ከአዲስ አበባ ባዶውን ይወርዳል፣ ወደብ በር ላይ ወረፋ ይይዛል፣ ወረፋው ደግሞ መች ያልቃል? ሹፌሩም ረዳቱም ከተሳቢው ሥር ሸራ ዘርግተው ይከርማሉ። እኔን አሰብ የወሰደኝ ባለቤቴ ነው፣ ከደሴ ተመድቦ፣ አስተማሪ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። እሱ ሲያርፍ እኔ እዚያው ቀረሁ፣ ለሹፌሮች ፓስታ በስጎ እየሠራሁ። ዘህራ ከአሰብ ወጣ ብላ ያለችው የበይሉል መንደር አፋር ናት። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ነበረች። አማርኛ እንደኔ ትናገራለች፤ ስትሳደብ ደግሞ ከኔ ትበልጣለች።

እና አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ የጽዳት ኃላፊ መጣለት፣ ሀብቶም የሚባል፣ ከአስመራ። ጨዋ ልጅ ነው፣ የተማረ ነው፣ ግን የደጋ ልጅ ስለሆነ ሙቀቱ ፈጀው፣ መሐረቡ ከእጁ አይለይም፣ ሲያወራ ግንባሩን ይጠርጋል፣ ሲሰማ አንገቱን ይጠርጋል። ታዲያ መጀመሪያ የሠራው ሥራ ምን መሰላችሁ? ማንንም ሳይጠይቅ በየመንገዱ ዳር በርሜል አስቀመጠ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ክዳን ያለው፣ የሚያምር በርሜል! «ቆሻሻችሁን እዚህ» አለ።

እስቲ አስቡት፣ ውሃ በጋሪ እየተሸጠ በሚጠጣበት አገር፣ ክዳን ያለው በርሜል መንገድ ላይ! ጠዋት ተቀመጠ፣ ምሳ ሰዓት ላይ የለም። አንዱ ውሃ ተሞልቶ ጓሮ ገባ፣ አንዱ ለሁለት ተሰንጥቆ የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆነ፣ አንዱ ደግሞ በራሱ በሰፈሩ ሊቀመንበር ግቢ፣ አረንጓዴ ቀለሙ እንኳ ሳይለቅ፣ ልብስ ይዘፈዘፍበት ነበር።

— እማማ የሺ፣ እርስዎስ አልወሰዱም?

እኔ? ምነው ልጄ! እኔ አልወሰድኩም። ዘህራ ቀድማኝ ነበር።

ታዲያ ሀብቶም ተናደደ። ቢናደድ አይፈረድበትም። ተናደደና አዋጅ አስነገረ፦ በኛ መንገድ፣ በመኪና ማቆሚያው ዳር ያለው ቆሻሻ ካልተነሳ ምግብ ቤቶቹ ይዘጋሉ፣ ዓሣ ሻጮቹም ከጨው ማምረቻው ወዲያ ይወሰዳሉ ተባለ። ከጨው ማምረቻው ወዲያ ማለት የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? የትም አይደለም። በዚያ ፀሐይ ማን ሄዶ ዓሣ ይገዛል? ለኔም ቢሆን ያ ቤት ከተዘጋ መሄጃ የለኝም። ባል የለኝ፣ ደሴ ቤት የለኝ። ያን ቀን ስጎው አረረብኝ፣ በሕይወቴ ስጎ አርሮብኝ አያውቅም። ወዲያ ማዶ ዘህራን ሳያት እሷም ቢላዋዋን ይዛ ዓሣውን ትኩር ብላ ታያለች እንጂ አትቆርጥም።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራን። አዳራሹ ሞላ፣ ማራገቢያው ይንቋቋል እንጂ አያራግብም። ሀብቶም በትግርኛ ይናገራል፣ ዓሊ የሚባል የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ በአማርኛ ይተረጉማል፣ ያንኑ በአፋርኛ ይደግመዋል። ዓሊ ምስኪን ነው፣ ጠብ አይወድም። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ዘህራ አማርኛ አቀላጥፋ ታውቃለች፣ እኔም አፋርኛ ለስድብ የሚበቃኝን ያህል እሰማለሁ፤ ግን ስብሰባ ነውና ማንም የራሱን ቋንቋ አልለቅም አለ።

ተነሣሁና፣ «እኔ ቆሻሻ የለኝም፤ ቆሻሻው የዚህች የአንጀት ነጋዴ ነው!» አልኩ።

ዓሊ ዞር አለና በአፋርኛ ምን ቢል ጥሩ ነው? ኋላ ነው ዘህራ የነገረችኝ፣ «ጎረቤቴ ብርቱ ሠራተኛ ናት ትላለች።»

ዘህራ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ተነሣች። እና በአፋርኛ እጇን እያወናጨፈች ተናገረች፣ ተናገረች፣ ነጠላዋ ከራሷ እስኪወርድ ተናገረች። እኔ «ፍየል» የሚለውን ቃል ለየሁ፣ «ሽንኩርት» የሚለውንም ለየሁ። ዓሊ ላቡን ጠርጎ፣ «እ... ወይዘሮ ዘህራ የሚሉት፣ የጎረቤቴን ምግብ አደንቃለሁ፣ አብረን ብንሠራ ደስ ይለኛል ነው» አለ።

«መቼ አልኩ!» ብላ ጮኸች ዘህራ፣ በአማርኛ። «ስጎዋን ስትደፋው የራበው ፍየል እንኳ ዞር ይላል ነው ያልኩት! በትክክል ተርጉም!»

እኔም፣ «አዎ፣ ፍየል ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ፍየሉን የት አደረስከው ዓሊ?» አልኩት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሀብቶም እንኳ በመሐረቡ አፉን ሸፈነ። እና ዘህራና እኔ ተያየን፣ እኔ ላለመሳቅ ከንፈሬን ነከስኩ፣ እሷም ነከሰች፣ አልቻልንም። ስንት ዓመት ፊት ለፊት ስንኖር አብረን ስንስቅ ያ የመጀመሪያችን ነው። ከኋላ አንድ አናጢ ተነሣና፣ «እነዚህ ሁለቱ ኮሚቴ ይሁኑልን! እነሱ ከተስማሙ በዚህ ከተማ የሚጣላ ሰው አይኖርም!» አለ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። ዘህራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አየሽ የሺ፣ ስድባችን ሹመት አመጣ» አለችኝ።

ታዲያ ኮሚቴ ሆንን። በማግስቱ ሀብቶም ቢሮ ገባን። እኔ፣ «የሹፌሮቹስ ሰው የታለ? የሚበዛው ቆሻሻ የነሱ ነው፣ ካርቶኑ፣ ጣሳው፣ ያረጀ ጎማው» አልኩት።

«ኣደይ የሺ» አለኝ፤ ኣደይ በነሱ አፍ እናቴ ማለት ነው፣ ደስ ይላል። «ኣደይ የሺ፣ እነሱኮ መንገደኛ ናቸው። ስብሰባው የነዋሪ ነው።»

ዘህራ ጣልቃ ገባች። «እዚህ ይበላሉ፣ እዚህ ይተኛሉ። ሲሄዱ የሚጥሉት ነገር ብቻ ነው እንዴ ነዋሪ የሚሆነው?»

ሀብቶም መሐረቡን አወጣ። ከዚያ እውነቱን ነገረን። የማዘጋጃ ቤቱ ቆሻሻ ማንሻ ትራክተር ተሰብሯል፣ መለዋወጫው ከአስመራ ይመጣል ከተባለ ከርሟል፣ አለቆቹ ደግሞ በሱ ላይ ይጮኻሉ። ልጁ ያስፈራራን የነበረው ራሱ ፈርቶ ነው። አሳዘነኝ። እና ያኔ ነው ለዘህራም ለኔም እኩል የታየን፤ በሩን ከፍተን ስንወጣ ያ ሁሉ ባዶ ተሳቢ ወደብ በር ላይ ተሰልፎ ቆሟል። ከተማው ቆሻሻ የሚጭንበት መኪና አጥቷል፣ መኪናው የሚጭነው አጥቶ ተኝቷል!

ወደ ጋሽ በላቸው ሄድን። የሹፌሮቹ አፈ ቀላጤ እሱ ነው። የደብረ ብርሃን ሰው፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ መኪናውን ከሚስቱ አስበልጦ የሚወድ። የመኪናዋ ግንባር ላይ በቀይ ቀለም «አትቅናብኝ» ብሎ አጽፎባታል፣ ጠዋት ጠዋት በራሱ ሸሚዝ መስታወቷን ይወለውላል። ታዲያ ነገሩን ስንነግረው ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«አትቅናብኝ ላይ ቆሻሻ! እትዬ የሺ፣ ምን አደረግኩሽ? ይህች መኪናኮ ሕዝብ የሚበላውን ስንዴ ነው የምትጭነው!»

«በቀደም የጫንከው ብረት ነበር» አለችው ዘህራ። «ወገቤን ብለህ ስታቃስት ሰምቼሃለሁ። ብረት የሚበላ ሕዝብ አለ?»

«አይሆንም ብያለሁ፣ አይሆንም! በቃ፣ ኸላስ!» አለ። ሌሎቹም ሹፌሮች ከኋላው ሆነው «ኸላስ» አሉ።

እሺ፣ ኸላስ ከሆነ ኸላስ። ዘህራና እኔ የምግብ ቤቶቹን ሴቶች ሁሉ፣ ዓሣ ሻጮቹንም ሁሉ አነጋገርን፣ እና በማግስቱ ምሳ ጠፋ። ምድጃ የሚባል አልተለኮሰም፣ ዳስ የሚባል አልተከፈተም። ሹፌሮቹ መጡ፣ በር በር አንኳኩ፣ ተመለሱ። ብስኩት ተገዛ፣ ብስኩቱም አለቀ። ጋሽ በላቸው፣ «ሴት ካልሠራች ወንድ ይራባል ያለው ማነው?» ብሎ ከረዳቱ ጋር ከመኪናው ሥር ማካሮኒ ጣደ። ውሃው ሳይፈላ ጨመረው መሰለኝ፣ ብቻ እንደ ጭቃ ሆኖ ተጋገረ፤ «ረዳቱ በቢላዋ እየቆረጠ ሲበላ አየሁት» ብላ ዘህራ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለች።

በማግስቱም በሩን አልከፈትንም። ወደ ከሰዓት ላይ ጋሽ በላቸው ድስቱን አቅፎ ደጄ ቆመ። ያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ተማሪ ተሸማቆ።

«እትዬ የሺ፣ ይኼ ነገር ሸተተ። የት ልድፋው?»

«እኔ ምን አውቄ ጋሽ በላቸው? ማዘጋጃ ቤቱ የሚያነሣበት መኪና የለውም። ያዘው እንግዲህ።»

ድስቱን አየ። መንገዱን አየ። ዘህራ ማዶ ሆና እጇን አጣምራ ታየዋለች፣ እዚያ እንዳይደፋው። ሳቁ መጣ፣ ድስቱ እስኪናጥ ሳቀ። «አሸነፋችሁኝ። አንቺ ፓስታ ሥሪ፣ ያን የማዘጋጃ ቤቱን ልጅ ጥሪው፣ እንነጋገር» አለ።

በተሳቢው ጥላ ሥር ተቀመጥን፣ ሀብቶምም መጣ፣ መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግኑትም ሰዎች መጡ። ስንዴና ዱቄት የሚጭን መኪና አይነካም፣ ብረትና ጎማ ለመጫን የሚጠብቅ ግን በየተራው ያነሣል፣ ወረፋውም እንደተያዘለት ይቆያል ተባለ። ይህ ሁሉ በአንድ ስኒ ሻይ አለቀ። ቀኑን ለመምረጥ ግን ምን አለፋን! ዓርብ ብንል ሶላት ነው አሉ፣ እሑድ ብንል ቅዳሴ ነው፣ ቅዳሜ ብንል ጋሽ በላቸው ሰንበት ናት አለ፤ አይቶት የማያውቀውን ሰንበት! ረቡዕ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ጾም ስለሆነ ቤቴ ይቀዘቅዛል። ዘህራ ጮኸች። «ረቡዕማ ጿሚው ሁሉ ዓሣ ፍለጋ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው!» «ዓሣ ይጾማል አይጾምም» ተብሎ ሌላ ክርክር ተነሣ፣ ሀብቶም ራሱን ያዘ። በመጨረሻ ማክሰኞ ተባለ። ማክሰኞ ማንም የኔ ያላላት ምስኪን ቀን ናት።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ሠርግ ነበር የሚመስለው። ሴቱ አካፋ፣ ወንዱ አካፋ፣ ዓሊ እንኳ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። «አትቅናብኝ» ጢም ብላ ሞላች። ዘህራና እኔ ከነሀብቶም ጋቢና ገባን፣ ጋሽ በላቸው መስኮቱን ከፍቶ አፍንጫውን በነጠላዬ ጫፍ ይዞ ይነዳል። ሀብቶም ቦታ መርጧል፣ በበይሉል መንገድ ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ። «ማንም የማይኖርበት ነው» ብሎናል፣ እኛም እሺ ብለናል።

ታዲያ እዚያ ልንደርስ ስንል አንድ ሽማግሌ መሐል መንገድ ላይ ቆሟል። በትሩን ትከሻው ላይ ጋድም አድርጎ፣ ፍየሎቹን ከኋላው አሰልፎ። ጋሽ በላቸው ጥሩምባ ነፋ። ሽማግሌው አልተንቀሳቀሰም። ዘህራ ድንገት ከኋላዬ ገብታ ጎንበስ አለች።

«ምን ሆነሻል?»

«አጎቴ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ሐመዱ። ወላሂ ይገድለኛል።»

ሽማግሌው ቀረበ፣ «ሰላም ዓለይኩም» አለ፣ የጤናችንን ጠየቀ፣ የልጆቻችንን ጠየቀ፣ የመኪናዋን እንኳ ጤና ጠየቀ። ከዚያ ረጋ ብሎ በአፋርኛ አንድ ነገር አለ። ዘህራ ከኋላዬ ብቅ አለች። «ውረጂ፣ ነጠላሽ ይታየኛል ነው የሚለው» አለችን። ወረደች፣ እኛም ወረድን።

ሐመዱ ተናገረ፣ ዘህራ እንዳለው ተረጎመች፣ ምንም ሳትቀንስ። «ባለፈው ክረምት የምታለብ ፍየሌ ተነፍታ ሞተችብኝ። ሆዷን ስከፍተው ከከተማ የመጣ ፌስታል ተጠቅልሎ ኳስ አክሏል። ያን ነፋስ ነው ያመጣብኝ፣ ነፋስን ምን እለዋለሁ? አሁን ግን እናንተ በመኪና ይዛችሁልኝ መጣችሁ። ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ ተጠየቀ ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ዘህራ፣ እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ልጆች፣ ማፈር ማለት ያኔ ነው። እኛ «የሹፌሮቹስ ሰው የታለ?» ብለን ቢሮ ያናወጥን ሴቶች! ዘህራ መሬት መሬት ታያለች፣ ሀብቶም መሐረቡ ርሶ የሚጠርግበት አጣ። ጋሽ በላቸው ብቻ፣ «እኔ ልመለስ ወይስ ልድፋ? ሽታው መኪናዬን ሊለምዳት ነው» ይላል።

ሀብቶም ያን ቀን ወንድ መሆኑን አየሁ። ሌላ ኃላፊ ቢሆን ፖሊስ ይጠራ ነበር። እሱ ግን መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ ሽማግሌው ፊት፣ አሸዋው ላይ። «አባቴ፣ እኔ ነኝ ያልጠየቅኩዎት። አሁን ልጠይቅዎት፤ የት ይሁን?» አለ። ሐመዱም በትሩን አጋድሞ ተቀመጠ። ለአንድ ሰዓት ይሁን ለሁለት ተነጋገሩ። ሐመዱም፣ «ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ድንጋይ ተቆፍሮ የወጣበት ጉድጓድ አለ፣ እዚያ ይሁን፣ ዙሪያውን በአሮጌ ቆርቆሮ እጠሩት፣ ፍየል እንዳይገባ» አለ። እና ደግሞ ልጣጩን፣ የተረፈውን ዳቦና ምግብ ለይታችሁ አምጡልኝ፣ እሱን ፍየሎቼ ይበሉታል አለ።

ሀብቶም፣ «ሰው ለይቶ ያስቀምጣል ብለው ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ዘህራ፣ «አጎቴ የሚለው፣ ፍየል ለመለየት ስትቸገር አይቻለሁ፣ ሰው ግን ዓይን አለው ነው» አለች። ያን ያለው አጎቷ ይሁን እሷ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እና እንዲያ ሆነ። ምግብ ቤቶቹ አልተዘጉም፣ ዓሣ ሻጮቹም ከቦታቸው አልተነሡም። ሁሉ ነገር አማረ አልልም፣ ማክሰኞ ሳይጫን ያለፈበት ጊዜ ነበር፣ ትራክተሩም ተሠርቶ መጥቶ እንደገና ቆሟል። ግን መንገዳችን መንገድ ሆነ። ሀብቶም አለቆቹ ሲመጡ፣ «ማዘጋጃ ቤቱ ሕዝቡን አሳትፎ» እያለ ሲያወራ ዘህራና እኔ ከኋላ «ማን ማንን አሳተፈ?» እያልን እንንሾካሾካለን። ልጁ ግን ተማረ። ከዚያ በኋላ አግዳሚ ወንበር እንኳ ሳይጠይቅ አያስቀምጥም። «ኣደይ የሺ፣ እዚህ ባደርገው?» ይለኛል። ወደ ጥላው እለዋለሁ። ዘህራን ይጠይቃል፣ ወደ መንገዱ ትለዋለች። ወንበሩን ተሸክሞ ሲመላለስ ይውላል፣ እኛ እንስቃለን።

በኋላ ያው፣ የምታውቁት መጣ። ጦርነቱ። እኛም ሰብስበን ወጣን። የወጣሁ ቀን ዘህራ መጥታ ጓዜን እየጫነች፣ «እንዴት ነው የምታስሪው፣ ደሴ ሳትደርሺ ይበተናል፣ እጅ የላትም ይቺ ሴት» እያለች ስትሰድበኝ፣ ስትሰድበኝ እንባዋ ይወርዳል። አንድ ደግ ቃል አልወጣትም። ቢወጣት እኔም እንደማልችለው ታውቃለች።

— ከዚያስ እማማ? አላገኟትም?

አላገኘኋትም። ግን ቆይቶ፣ ሹፌሮቹ ሁሉ በጅቡቲ መንገድ መሥራት ሲጀምሩ፣ ጋሽ በላቸው እዚህ ኮምቦልቻ ሲያልፍ ቤቴ ገባ። «ዘህራን አየኋት» አለኝ። ድንበሩን በራሔይታ በኩል ተሻግራ ጅቡቲ ገበያ ዓሣ ትሸጣለች፣ እዚያም የገበያው ሴቶች ኮሚቴ አድርገዋታል። «ምን አለች?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ለየሺ ንገራት፣ እዚህም ስብሰባው ብዙ ነው፣ ሰውም ደግ ነው፣ ብቻ የምሰድበው አጣሁ» ብላለች።

— ወይ ጉድ! እርስዎስ ምን ብለው ላኩባት?

ምን እላለሁ! ተቀምጬ፣ አስቤ፣ መርጬ፣ ከፍየሉ የሚብስ አንድ ደህና ስድብ ላኩላት።

— ምን የሚል እማማ?

ሂዱ ወዲያ! እሱ ለልጆች አይነገርም። (ሳቅ) ጋሽ በላቸውን እንኳ ጥሩምባ እየነፋ ሂድ ብዬ ነው ያስያዝኩት፣ ራሱ እንዳይሰማው።